አታጥብቂው

ስምንት ዓመት ሙሉ ደበቅኩት በሽርጥ፣
ከእንብርቴ በላይ ቀስ እያለ ሲያብጥ።
መጀመሪያ ለውዝ፣ ኋላ የዶሮ እንቁላል፣
ገመድ በሳብኩ ቁጥር ብቅ ብሎ ያያል፤
ማታ ስጋደም ግን፣ ገፋ ሳደርገው በመዳፍ፣
እንደ አፋር እንግዳ ይገባል ሳይለፈልፍ።
"ሆድ ይፍጀው" ብዬ ነበር። አልፈጀውም፤
ምስጢር ያዥ ሆድ፣ ራሱ ከተቀደደ፣ ምንም አይዝም።

ኬታ ላይ ምድሪቱም እንደ ሆዴ ስስ ናት፤
ከወዲህ ሐይቁ፣ ከወዲያ ባሕሩ የሚገፏት።
አያቴ የተወለደበት ቤት ዛሬ ዓሣ ይተኛበታል፤
ግድግዳ ሲሳሳ አይናገርም፤ ሲፈርስ ብቻ ይሰማል።

አንድ ንጋት፣ አርባ ሆነን ስንጎትት፣
ሰርዲን ሞልቶት፣ መረቡ ባሕሩን ሙጥኝ ሲልበት፣
ተረከዜን አሸዋ ውስጥ ተክዬ፣ "ሆ!" ስንል በአንድ ትንፋሽ፣
ወጣ። ድንጋይ ሆነ። አልመለስ አለኝ፣ ባሻሽ ባሻሽ።
"አግቤኮ! ገመዱን ያዝ!" ይሉኛል፤ እኔ ተንበርክኬአለሁ፣
አፌፋ ሽርጤን ስትፈታ ዓይኗን ሸሽቻለሁ።
"ስምንት ዓመት?" አለች። ሌላ አልተናገረችም ጨርሳ።
የታመመው የኔ ሆድ፣ ሆድ የባሳት እሷ።

ሐኪሟ ድዚግቦርዲ ናት፤ በእኛ ቋንቋ ስሟ ትዕግሥት ነው፤
እንደሚያለቅስ ሕፃን እያባበለች፣ ቀስ ብላ መለሰችው።
"ይሄ ለዛሬ ነው" አለች፣ "ማክሰኞ እንጠግነዋለን።"

መጠገን? ሥራዬ እኮ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው መረብ ጠግኛለሁ፣
የራሴን ቀዳዳ ግን በሽርጥ ጠቅልዬ ኖሬአለሁ።

ማክሰኞ። ጀርባዬን በመርፌ ወጉኝ፤ እግሮቼ ተሰናበቱኝ፣
አረንጓዴ መጋረጃ ከደረቴ በታች ጋረዱኝ።
ነቅቻለሁ። አይታየኝም እንጂ መቀሱ ይሰማኛል፣
የተለበለበ ሥጋ፣ የኔው ነው፣ ይሸተኛል።
ነርሱ ነጭ ቁራጭ አንስቶ በመብራቱ ሥር ሲያልፍ፣
አየሁት፤ አጎበር ነው፣ ትንኝ እንዳያሳልፍ።
"ከውጭ የሚመጣው አይቀመስም ዋጋው፤
ይሄን ቆርጠን በእንፋሎት ቀቅለነዋል፣ ሥራው ያው።"

"ቀዳዳው ስንት ነው?" አልኩ ከመጋረጃው ማዶ።
"ሁለት ጣት።" "ቁራጩስ?" "ያልፈዋል፣ በየጎኑ ሰፍቶ ሄዶ።"
"ደግ። ከጤነኛው ክር ነው የሚያዘው፤ የተበላው አያስርም።
ደግሞ አታጥብቂው። የተወጠረ ጥገና ማዕበል አይችልም።
ትንሽ ልል ተይው፤ ይተንፍስ።"

መቀሱ ቆመ።
"ይህን ለማወቅ" አለች፣ "ስድስት ዓመት ተምሬአለሁ።"
ነርሱ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል፣ "ሆድህን!" ብላ ጮኸች፣
"እየሰፋሁ ነው፣ አትሳቅብኝ!" ራሷ ግን ሳቀች።

ሲነጋ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣
"ሥጋህ በቀዳዳዎቹ አልፎ ይበቅላል" አለችኝ፣ ጣቶቿን አቆላልፋ።
ገባኝ። የባሕሩ መረቤ ውኃ አሳልፎ ዓሣ ይይዛል፤
ይሄኛው ሥጋ አሳልፎ እኔን ይዞኛል።

ሁለት ወር ገመድ አትንካ ተባልኩ።
ከሽማግሌና ከልጅ ጋር አሸዋ ላይ ተቀመጥኩ፣
በእንጨት መርፌዬ የሌሎቹን ቀዳዳ እየዘጋሁ።
ጎታቾቹ ሲያልፉ፣ "ሆዱን ያጎበረው!" እያሉ ያሾፋሉ፤
ማታ ግን ግማሽ ሳፋ ሰርዲን ደጃፋችን ጥለው ይሄዳሉ፣
ሳያንኳኩ። አፌፋ ትቆጥረዋለች። አንድም ቀን አልጎደለም።

ትናንት ሳልኩ። ያ ከሰሜን የሚመጣው የአቧራ ነፋስ ነው።
እጄ የስምንት ዓመት ልማዱ ነውና ሮጦ ሆዴን ያዘው፤
የሚመልሰውን ፈለገ፣ ዳሰሰ፣
ጠባሳዬን አለፈ፣ ተመለሰ።
ምንም የለም።
እዚያው ጥቂት ቆየ፣ ሥራ እንደፈታ ሰው።